ከሥሩ የረጋ በረዶ እያለ ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ (የጂኦግራፊ መምህር)

ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎቼ በአርክቲክ ስላሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ስለ ስቫልባርድ፣ በማዘጋጀው ትምህርት ውስጥ፣ በተራራ ወገብ ላይ አፈሩ እንደ ምላስ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ወፈር ብሎ የቆመበት ፎቶግራፍ አለ። መግለጫው አፈሩ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲሜትር ቁልቁል እንደሚወርድ ይናገራል። ግራ የገባኝ ነገር ቢኖር ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ መሬት እያለ፣ ያውም ተዳፋቱ ገደል ሳይሆን፣ አፈሩ በምን ምክንያት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ከምናውቀው የመሬት መንሸራተትስ በምን ይለያል?

መልስ 1 (አፈር ነክ)

መምህር፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያው ካልቀለጠው መሬት ነው። ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ በላይ የማይሞቅ መሬት፣ በስቫልባርድ ተራሮች በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት አለው። በሞቃቱ ወራት የሚቀልጠው የላይኛው ንብርብር ብቻ ሲሆን፣ ውሃው ወደ ታች እንዳይሰርግ በረዶው ስለሚያግደው አፈሩ እስኪጠግብ ይርሳል፣ የቅንጣቶቹ መያያዝ ይላላል፣ በራሱም ክብደት ይሳባል። ለዚህ የ2 ወይም የ3 ዲግሪ ተዳፋት እንኳ ሊበቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሂደቱን ሶሊፍላክሽን ብሎ የሰየመው ስዊድናዊው ጂኦሎጂስት ዮሃን ጉናር አንደርሾን ነው። የመሬት መንሸራተት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው።

መልስ 2 (ደጋማው)

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቀረ ነገር አለ። አፈሩ የሚጓዘው ሲቀልጥ ብቻ ሳይሆን ሲረጋም ጭምር ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል እንደሚሰፋ ሁላችንም ተምረናል፤ መሬቱን በዋናነት የሚያነሣው ግን ይህ አይደለም። ቅዝቃዜው ወደ አፈሩ ሲዘልቅ ከአካባቢው ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ የተሳበውም ውሃ ስስ ስስ የበረዶ ንጣፎች ሆኖ ይከማቻል። ለዚህ ከሁሉ የሚመቸው ደለል ነው፤ አሸዋ ውሃ ያሳልፋል እንጂ አይስብም፣ ሸክላ ደግሞ ይስባል እንጂ ቶሎ አያሳልፍም። ንጣፎቹ አፈሩን ወደ ላይ የሚገፉት ለተዳፋቱ ገጽ በቀጤ ነክ አቅጣጫ ሲሆን፣ ሲቀልጡ ግን አፈሩ ወደ ታች በቀጥታ ስለሚወድቅ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ከተነሣበት ዝቅ ብሎ ያርፋል።

እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፐርማፍሮስት ደግሞ የሚቀልጠው የላይኛው ንብርብር ከላይም ከታችም ስለሚረጋ በረዶው ከሥሩ በብዛት ይጠራቀማል። ያ በረዶ በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ላይ ሲቀልጥ ንብርብሩ እንዳለ ተያይዞ ይንሸራተታል። ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ በሚገባበት ቦታ ግን እንቅስቃሴው ላይ ላዩን ይበረታል፣ ወደ ጥልቀት ሲሄድ ይሞታል። አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ተመራማሪ ሊንከን ዋሽበርን በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በሜስተርስ ቪግ ተዳፋቶች ላይ ምልክቶች ተክሎ ለዓመታት ሲለካ፣ እርጥቡ ቦታ ከደረቁ ይልቅ በጣም እንደሚፈጥን አይቷል። በእኔ እምነት ተማሪዎች ከተዳፋቱ ማዕዘን ይልቅ ስለ ውሃው ቢጠየቁ ይሻላል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። የምላሱ ጫፍ የሚወፍረውስ ለምንድን ነው? በእኛ ተራሮችስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መልስ 2 (ደጋማው)

ጫፉ ከኋላው ካለው አፈር ይልቅ ውሃውን ቶሎ ያንጠባጥባል፣ ብዙ ጊዜም ሣርና የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ይይዘዋል፤ እሱ ሲዘገይ ከኋላ የሚመጣው እየደረሰበት ይቆለላል። የእኛን በተመለከተ፣ በባሌ ሳነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ አፈሩ በብርዳም ሌሊት ረግቶ ቀን ይቀልጣል። ይህ ግን የሚነካው ከገጹ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ፐርማፍሮስትም የለም። በዚያው አምባ የሚታዩት በረድፍ የተደረደሩ ትላልቅ ድንጋዮች አመጣጥ ግን ከዛሬው ብርድ ሳይሆን ከበረዶው ዘመን ጋር የሚያያዝ ነው።