ውሌ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው፤ ሲክ ሊቭ (የሕመም ፈቃድ) ብጠይቅ ያስወጡኝ ይሆን?

ጠያቂ (ከሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ነኝ። ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ውሌ ግን በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው። የማደሻው ሳምንት ሲቃረብ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ራሴን ያመኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀምሯል። ሽንት ቤት ለመሄድ ከሱፐርቫይዘሯ ካርድ መቀበል አለብን፤ ለአንድ ላይን (የስፌት መስመር) ያለው ካርድ አንድ ብቻ ነው። ተራ ስንጠብቅ ታርጌት ያመልጠናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ውኃ መጠጣት ትተናል። ባለፈው ሲክ ሊቭ የወሰደች ጓደኛዬ ውሏ ሳይታደስ ቀረ። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር ከአዳማ፦
እህቴ፣ የሽንቱን ነገር ነገ ዛሬ አትበዪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ውኃ ሳይጠጡ ሽንት ይዞ መዋል ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ችላ ከተባለ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ጎንሽን መውጋት ከመጣ በዚያው ቀን ታከሚ።

ለጨጓራሽ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራ ጠይቂ። ለራስ ምታቱ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እየገዛሽ አትዋጪ፤ ጨጓራን ይጎዳሉ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እንቅልፍ ማጣትሽንም ለሐኪሙ ንገሪው። የነገ እንጀራዋን የማታውቅ ሰው ሰውነቷ አያርፍም፤ ይሄ እውነተኛ ሕመም ነው። ስለ ካርዱም ሳትደብቂ ንገሪው፣ መዝገብሽ ላይ ይስፈር።

አንድ አባል፦
ጤና ይበልጣል። ተይው ሥራውን።

ጠያቂ፦
ወንድሜ፣ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? ለእናቴም የምልከው እኔ ነኝ።

ኤች አር የሠራሁ፦
አትልቀቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቺንም ይመለከታል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እዚያው ሥራ ላይ መልሰው ሲቀጥሩሽ እንደገና ሙከራ ላይ ነሽ ሊሉሽ አይችሉም። የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ይገባሻል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሻል፤ በቀረሽ ማግስት ደግሞ አሳውቂያቸው። በስልክ ብቻ አይሁን፣ በጽሑፍ መልእክት ላኪና አስቀምጪው።

ዋናው ነገር ውሉ ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ያለ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ሦስት ወር» ስለተባለ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። ሕጉ ቆጥሮ ካስቀመጣቸው ጉዳዮች ውጭ ማንኛውም ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ውል ኮፒ ያዢ። ካስወጡሽ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ሰው «ይጠሩኝ ይሆናል» እያለ የሚያልፈው ይህንን ጊዜ ነው።

ሲስተር ከአዳማ፦
ኦቨር ታይምም ትሠሪያለሽ መሰለኝ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋቸው 35 በመቶ ይጨምራል። የእኛ ሕግ 48 መደበኛ ሰዓት ላይ እስከ 12 ሰዓት ኦቨር ታይም ይፈቅዳል። ድምሩ 60 ነው! ሕጋዊ ነው ማለት ሰውነት ይችለዋል ማለት አይደለም።

ስፌት ላይ የነበርኩ፦
የካርዱን ጉዳይ ብቻሽን አታንሺ። ብቻዋን የተናገረች ልጅ «ረባሽ» ትባላለች። እኛ ጋ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል፣ የላይኑ ልጆች በሙሉ ፈርመን ነው ያቀረብነው። በመጀመሪያ ዝም አሉን። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ግን ሁለተኛ ካርድ ተጨመረ። ማኅበር ከሌላችሁ የከተማውን የሥራና ክህሎት ቢሮ ጠይቁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የፋብሪካው ክሊኒክ ካልጻፈልኝ የጤና ጣቢያው ወረቀት ይሠራል?

ኤች አር የሠራሁ፦
ይሠራል። መንግሥት ያወቀው የጤና ተቋም መሆኑ ይበቃል። ቀኑ፣ የዕረፍቱ ቀናት ብዛትና ማህተሙ መኖራቸውን እዚያው እያለሽ አረጋግጪ። ለኤች አር ከማስገባትሽ በፊት ፎቶ አንሺው፤ ኮፒው ላይም «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልሽ ጠይቂ።