በድምፅ የሚታዘዝ ሰው ሠራሽ እጅ፦ «ዝጋ» ሲባል ራሱ ይጠፋል፣ እርዱኝ

የቱሉ ዲምቱው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜን እንጨት ቤት ሲሠራ መጋዝ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ወሰደበት። በትንሽ ብር በድምፅ የሚታዘዝ እጅ እየሠራሁለት ነው። ጣቶቹ በስሪዲ ፕሪንተር የታተሙ ናቸው፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ይሳባሉ። አርዱዪኖ ኡኖ (ሁሉንም የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ክሮቹን የሚስቡ ሁለት ኤምጂ996አር ሰርቮ ሞተሮች፣ የወንድሜን ድምፅ የተማረ ትእዛዝ መለያ ሞጁል አለው። «ዝጋ» ሲለው ጣቶቹ ይጨብጣሉ። ባዶውን ሲሆን ጥሩ ይታዘዛል። ብርጭቆ ሲያስይዙት ግን መብራቱ ብልጭ ይልና ጣቶቹ ይለቃሉ። ትናንት ሻዩ ጭኑ ላይ ፈሰሰ፣ ደግነቱ በርዶ ነበር። ባትሪው ያ አራት ማዕዘኑ 9 ቮልት ነው። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ካውያ፦
ሞጁሉን ተወው፣ ጉዱ ባትሪው ጋ ነው። ይሄ ሰርቮ ጭነት ሲይዘው አንዱ ብቻ እስከ 2.5 አምፔር ይስባል። ያቺ ባትሪ ሩቡንም በወጉ አትሰጥም። ቮልቴጁ ሲወርድ አርዱዪኖው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

ሰርቮዎቹን ከአርዱዪኖው ላይ ንቀልና ለብቻቸው ኃይል ስጣቸው። ሁለት 18650 (የሚሞላ ክብ ሊቲየም) ባትሪ በተከታታይ፣ ከዚያ 5 አምፔር የሚችል ቮልቴጅ መቀነሻ። በመልቲሜትር 6 ቮልት ላይ አስተካክለው። የሁሉንም ኔጌቲቭ አገናኝ፤ እኔ ይቺን ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ፀጉሬን ስነጭ ነበር። ባትሪዎቹን ያለ ቢኤምኤስ (የባትሪ መከላከያ ሰርኪት) እንዳትጠቀም፣ ሊቲየም ቀልድ አያውቅም።

የኮተቤዋ፦
ካውያ ልክ ነው። እኔ ደግሞ «ዝጋ»ን ቀይር እላለሁ። ታክሲ ውስጥ ወንድምህ ራሱ ረዳቱን «በሩን ዝጋ» ቢለው እጁ የጎረቤቱን ነጠላ ጨምድዶ ይይዛል 😂 በየቀኑ ወሬ ውስጥ የማይጠራ፣ እርስ በርሱም የማይመሳሰል ቃል ምረጡ። ሞጁሉን ፀጥ ባለ ክፍል ብቻ አታስተምረው፣ ማይኩንም ኮሌታው ላይ አድርገው። በስልክ በኩል ጉግልም አማርኛ ይሰማል፤ ግን ኢንተርኔት ላይ ከተንጠለጠልክ ኔትወርክ ሲሄድ እጁም አብሮ ይሄዳል።

እትዬ፦
የኔ ልጅ፣ ሥራዬ ሰው ሠራሽ አካል ነው። ክንዱን የሚያቅፈውን ክፍል በግምት እንዳታትም። ባለሙያ በጀሶ ልኬት ይውሰድለት። አውልቆት ቆይቶም ቆዳው ላይ ያለው ቅላት ካልጠፋ መልሶ አያጥልቀው፣ ቁስል ይሆናል። ባትሪውን ቀበቶው ላይ አድርግለት፣ ክንዱ ላይ ሲሆን ይከብደዋል። ጣቶቹ ፒኤልኤ (የተለመደው የስሪዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) ከሆኑ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳሉ፤ ትኩስ ሻይ በዚያ እጅ አይያዝ።

የቱሉ ዲምቱው፦
ካውያ፣ እጅህ ይባረክ! ብርጭቆውን ይዞ ቀረ፣ አርዱዪኖውም አልጠፋም። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ለልኬት ይዤው እሄዳለሁ። ቃሉን ወንድሜ ራሱ መረጠ፦ ለመያዝ «ቡሎን»፣ ለመልቀቅ «ዳዶ»።

የኮተቤዋ፦
ቡሎን ተራ ይዘኸው እንዳትሄድ ብቻ 😂