ሰው «አሁን ቀጥ አልኩ» ሲል ስሜቱን በዲግሪ መለካት፦ ልኬቴ ይታመናል?

ጥያቄ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ለገሃር

እንደምን ሰነበታችሁ። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች እረዳለሁ። አንዳንዶቹ ሲቀመጡ ወደ ደከመው ጎናቸው ያጋድላሉ፤ ላቃናቸው ስሞክር ደግሞ የምጥላቸው እየመሰላቸው በደህናው እጃቸው ይገፉኛል። ሰውነታቸው «ቀጥታ» የሚለው የቱን እንደሆነ ለማወቅ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ የሚያጋድል ወንበር ብየዳ ቤት አሠራሁ። ቀበቶና የጎን መደገፊያ አለው። ዘንበል ማለቱን ከጀርባው ከታሰረ ስልክ አነባለሁ። ተለኪው ዐይኑ ተሸፍኖ «አሁን ቀጥ አልኩ» ሲል ቁጥሩን እመዘግባለሁ።

በመጀመሪያ ጤነኛ ባልደረቦቼን ለካሁ፤ በሳምንቱም ደገምኩ። አይሲሲ የሚባለው የአስተማማኝነት መለኪያ 0.40 ሆነ። ከ0.5 በታች ደካማ ነው ይባላል። ነገር ግን ሁሉም ከዜሮ እምብዛም አልራቁም፤ መደበኛ ልይይታቸው (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት ልክ) 1 ዲግሪ ያህል ነው። ወንበሩን ልተወው?

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር፣ አራት ኪሎ

እህቴ፣ አትተዪው። አይሲሲ የሚነግርሽ መለኪያው አንዱን ሰው ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ ነው፤ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከጠቅላላው ልዩነት ስንት እጅ እንደሆነ ያሳያል። ጤነኞች ሁሉ ዜሮ አጠገብ ከተሰበሰቡ የሚለይ ነገር የለም፤ ስለዚህ መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም ቁጥሩ ይወድቃል።

ይልቅስ በዲግሪ የሚናገረውን አስይ። የልኬት መደበኛ ስሕተት የሚገኘው መደበኛ ልይይቱን፣ ከ1 ላይ አይሲሲ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ስኩዌር ሩት በማባዛት ነው። ያንቺ 1 ሲባዛ በ0.6 ስኩዌር ሩት፣ 0.77 ዲግሪ ይሆናል። ይህን፣ ሁለት ልኬቶችን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማወዳደር በሚያገለግለው 2.77 ብታባዢው 2.1 ዲግሪ ይመጣል። አንድ ሰው በሁለት ልኬቶች መካከል ከዚህ በላይ ካልተለወጠ፣ ለውጡን ከልኬቱ መዋዠቅ መለየት አይቻልም ማለት ነው። ይህ ግን የጤነኞች ቁጥር ነው። ሕመምተኞች ይበልጥ ስለሚዋዥቁ በእነርሱ ላይ እንደገና መሠራት አለበት።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፒያሳ

የመምህሩን ስሌት ከሕመምተኞቻችን ጋር ላገናኘው። እ.ኤ.አ. በ2000 ካርናት፣ ፈርበርና ዲኽጋንስ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች እንዲህ የሚገፉ ሕመምተኞችን በሚያጋድል ወንበር ለክተዋል። ሰዎቹ ቀጥ ያሉ የሚመስላቸው አንጎላቸው ወደተጎዳበት ጎን፣ ማለትም ወደ ደህናው ጎናቸው፣ 18 ዲግሪ ያህል ሲያጋድሉ ነበር። የሚያዩት ነገር ቀጥ ማለቱን ግን በትክክል ያውቁ ነበር። ከ18 ዲግሪ አጠገብ የአንቺ 2.1 ትንሽ ነው፤ ወንበሩ ይህን የመሰለ መዛባት ያሳያል።

አሁን አለካክሽን ተመልከቺ። ከግራ የተነሣ ሰው ገና ትንሽ ወደ ግራ እንዳዘነበለ «ደረስኩ» ይላል፤ ከቀኝም እንዲሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ጎን እኩል ጊዜ አስነሺ፤ ተራውን ደባልቂው፤ የመነሻውንም ዲግሪ ለዋውጪ። እግር መሬት አይንካ፤ ጭንቅላት ከሰውነት ግንድ (ከደረትና ከሆድ) ጋር አብሮ ይያዝ፤ ፍጥነቱ አንድ ይሁን። ወደ መንገዱ ያለውን መስኮትም ዝጊ፤ ከአንድ ወገን የሚመጣ ድምፅ አቅጣጫ ይጠቁማል።

ከሁሉም በላይ አማካዩን ብቻ አትመዝግቢ! አንዴ 4 ዲግሪ ወደ ግራ፣ አንዴ 4 ዲግሪ ወደ ቀኝ የሚል ሰው አማካዩ ዜሮ ነው፤ ቀጥታውን ግን አላወቀም። አማካዩ ስሜቱ ወዴት እንዳዘመመ ሲነግርሽ፣ የመልሶቹ መበታተን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይነግርሻል። ሕመምተኞች ወድቀውብን ያየን ሰዎች ሁለተኛውን ችላ ማለት የለብንም።

መልስ፦ ብረት ሠራተኛ፣ መርካቶ

ስለ ሕክምናው አላውቅም፤ ቀጥታን መፈለግ ግን ሥራዬ ነው። ስልኩ ጠምሞ ታስሮ ከሆነ ሁሉም ቁጥር በዚያው ልክ ይስታል፤ መቶ ጊዜ ቢደገምም አይታወቅም። ከመደገፊያው አናት መሐል ላይ ቱንቢ አንጠልጥይ፤ ክሩ ከመደገፊያው የመሐል መስመር ጋር ሲገጥም ስልኩ ዜሮ ማንበብ አለበት። ስልኩን ራሱን እንደ ውሃ ልክ ፈትኚው፦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አንብቢ፤ እዚያው ቦታ ግራና ቀኙ እንዲለዋወጥ ግማሽ ዙር አዙረሽ ድገሚ። ካልተስማሙ የልዩነቱ ግማሽ የስልኩ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ አስታማሚ፣ ካዛንቺስ

አባቴም እንዲሁ ይገፋናል። ወንበር የሌለን ሰዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፒያሳ

ወንድሜ፣ አይዞህ። አባትህን በጉልበት አታቃናቸው፤ ይበልጥ ይገፋሉ። ዐይናቸው ስለማይዋሽ የበሩን መቃን እንዲመለከቱ አድርግና «ከእርሱ ጋር ገጥመዋል?» ብለህ ጠይቃቸው። ከዚያ በደህናው ጎናቸው በኩል አንድ ዕቃ አስቀምጥላቸውና ራሳቸው ይድረሱበት። አንተ በደከመው ጎን ሆነህ ጠብቃቸው። ስሜቱ በብዙዎቹ ላይ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱንቢውን ነገ አንጠለጥላለሁ። መምህር፣ ድግግሞሹን ባበዛ ስሕተቱ ይቀንሳል?

የስታቲስቲክስ መምህሩ፦

በሙከራዎቹ መዋዠቅ የሚመጣው ስሕተት ይቀንሳል፤ ግን በዝግታ። በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሙከራ ያስፈልጋል፤ የደከመ ሕመምተኛ ደግሞ መዋዠቁን ራሱ ይጨምረዋል። ከየጎኑ ጥቂት ሙከራ አድርገሽ አሳርፊያቸውና ቀጥዪ። የስልኩ መጥመም ግን በድግግሞሽ አይወጣም፤ እርሱን በቱንቢው ነው የምታወጪው።