«ቄስ ሁለት ቀን ሠርቶ የሠላሳ ቀን ይወስዳል»?

ዐውደ ምሕረት፦ ትናንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ተጋባዡ «ቄስ ሁለት ቀን ሠርቶ የሠላሳ ቀን ደመወዝ ይወስዳል፤ የከተማ አድባራት የካህናቱን ቁጥር ግማሽ ያድርጉት» አለ። አዘጋጁ ሳቅ ብሎ አለፈው። ሁለት ቀን! የሚያውቅ ይምጣና ይቁጠርልኝ።

ሒሳብ ሹም፦ ምን አጠፋ? ካህናቱ በሦስት ምድብ የተከፈሉበት ደብር አንዱ ምድብ ሳምንቱን ሰሞነኛ ሆኖ ይገባል፣ ሁለቱ ያርፋሉ። ሁለት ቀን ማለቱ ቢያንስባቸውም፣ ወሩን ሙሉ ግን አይሠሩም።

የቆሎ ተማሪ፦ «ያርፋሉ» ያልካትን ያዝልኝ። ሰሞነኛው ሳምንቱን ከሚስቱ ተለይቶ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት፣ ንጋት ለኪዳን ጸሎት፣ ከዚያ ለቅዳሴ ይቆማል። ለቅዳሴ 18 ሰዓት መጾም ግድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ማታ 1 ሰዓት የቀመሰ ቄስ 9 ሰዓት ላይ ሲወጣ 20 ሰዓት ሞልቶታል። ከሰሞን ሲወጣ ደግሞ የንስሐ ልጆቹ በር ላይ ናቸው። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ አንዱ ቤት ሊመርቅ ጠበል ይረጭልኝ ይላል። ይህንን ነው ዕረፍት ያልከው?

ሒሳብ ሹም፦ እሺ ዕረፍቷን ተውኩልህ። ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ግን አምስት ነው፤ 2 ቄስ፣ 3 ዲያቆን። አርባ አገልጋይ የመዘገበ ደብር ሠላሳ አምስቱን ምን ሊያደርጋቸው ነው? ገጠር አምስት ሰው ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል።

ገበዝ፦ አምስት ብቻ ያለው ደብር አምስት የለውም፣ ወንድሜ። አንዱን ነስር ነሰረው፣ አንዱን ቢላ ቆረጠውና ደማ፣ አንዱን ሌሊት ሕልም መታው፤ በዚያ ቀን መቅደስ አይገቡም። ሥራውም ሰው ሰው አለው። ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ሌላውን የሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቁ ካህን ግብረ ሐዋርያትን፣ ገባሬ ሠናዩ (ዋናው ቀዳሽ ካህን) ወንጌሉን ያነባል። ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጅበት ቤተልሔም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዘቢቡ ተለቅሞ ይታጠባል፣ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ ኅብስቱ የዕለቱ መሆን አለበት፣ ያደረ አይቀርብም። ኅብስቱ ከተጋገረ በኋላ ሦስተኛው ዲያቆን «አሞኛል» ብሎ ቢቀር በምን ትቀድሳለህ? በሒሳብህ?

ሒሳብ ሹም፦ ተጠባባቂ ሦስት ይጨመር፣ ስምንት ይሁን። አርባ ግን አይሆንም።

የልደታ ልጅ፦ ዘቢቡስ በየት በኩል ነው የሚገዛው? የአንዳንድ ደብር የዘቢብ ወጪ ሰነድ ላይ ብታዩት የወይን ፋብሪካ ይመስላል 😂

ገበዝ፦ ይህ የሰበካ ጉባኤ ጉዳይ ነው፣ ከቄሱ ጋር አታያይዘው።

እናት ዓለም፦ ሁላችሁም መቅደስ ውስጥ ቀራችሁ። ሰኞ የተወለደ ወንድ ክርስትና የሚነሣበት 40ኛ ቀኑ ዓርብ ይውላል፤ ሰኞ የተወለደች ሴት 80ኛዋ ረቡዕ። ሁለቱም ቀን ጾም ነው። ተጠምቆ ሜሮን (ቅዱሱን ቅባት) የተቀባ ሕፃን ሳይቆርብ አይመለስም፣ ስለዚህ የዚያን ቀን ቅዳሴ መኖር አለበት። የሬዲዮው ሰውዬ ሁለት ቀን ውስጥ ይሄ የቱ ጋ ገባ?

የልደታ ልጅ፦ እትዬ፣ ከተማ ውስጥ ማን ነው ረቡዕ ክርስትና የሚያስነሳ? ዘመድ እንዲመጣ፣ ድግሱ እንዲሞቅ ሁሉም ወደ እሑድ ይገፋዋል። ሥራውን እሑድ ላይ የሰበሰበው ሕዝቡ ራሱ ነው።

እናት ዓለም፦ እትዬ የሚያሰኝህን በምን አወቅህ? የታመመ ሕፃን ደግሞ 40ም እሑድም አይጠብቅም፤ ቄሱ የሚጠራው ሌሊት ነው።

ጎጃሜው፦ ክርክራችሁ አስፋልት ላይ ቀረ። ገጠር ደመወዝ የሚባል መቼ አለና! ካህኑ የሚበላው ለአገልግሎቱ ከሚሰጠው ከሰሞን መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጁ ሲወጣ መሬቱም አብሮ ሄደ። አሁን ቄሱ አራሽ ነው። ጤፍ በሚዘራበት ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ አለ፣ 7 ሥላሴ፣ 19 ገብርኤል። እሱ ሲቀድስ የጎረቤቱ በሬ ሲያርስ ይውላል፣ የእሱ ማሳ ይቀራል። ዲያቆኑ ይህንን ያያል፣ ቦርሳውን ይዞ ከተማ ይገባል። ከዚያ ከሠላሳ አምስቱ አንዱ ይሆናል።

ሒሳብ ሹም፦ ይኸው! ጎጃሜው የልቤን ተናገረ። ትርፉ ወደ ገጠር ይመለስ።

ጎጃሜው፦ የልብህን አልተናገርኩም። ሄዶ ማን ይቀልበዋል? ያ ሬዲዮ ላይ የወጣው?

ገበዝ፦ ቄስ ደግሞ አግብቶ ነው የሚቀስሰው፣ ሚስትና ልጅ ይዞ ነው የሚዛወረው።

የልደታ ልጅ፦ ገንዘቡ ደመወዝ ብቻ አይደለምኮ። 200 የንስሐ ልጅ ይዞ፣ በዓመት አንዴ ጠበል ረጭቶ ፖስታ የሚሰበስበውስ?

የቆሎ ተማሪ፦ ፖስታውን ቆጠርክ፣ ለሞተ ሰው የሚደረገውን ጸሎት፣ ፍትሐቱን፣ አልቆጠርክም። በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅ፣ በዓመት። ቀብሩን ጨምረህ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ይቆማል። ከ200ዎቹ በዓመት አምስት ቢሞቱ 45 ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ዛሬ ዘጠኙንም የሚያስፈታ ቤት ጥራልኝ። ቀብርና 40 ነው፣ በቃ።

የቆሎ ተማሪ፦ ሕዝቡ መተዉ የቄሱ ጥፋት ሆነ?

ሒሳብ ሹም፦ ጥፋት አላልኩም፣ ሥራ ቀነሰ አልኩ።

ዐውደ ምሕረት፦ ከሁለት ቀን ወደ ስምንት ሰው፣ ከስምንት ሰው ወደ ፖስታ። የጠየቅኩት ግን ቀኑን ነበር።

እናት ዓለም፦ የልደታ ልጅ፣ «እትዬ»ን አልመለስክልኝም።