የቼክ ኢንጅን መብራት ጠዋት ይበራል፣ ከቀናት በኋላ ራሱ ይጠፋል (ቶዮታ ሴሊካ፣ 2001 ሞዴል)

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2001 ሞዴል ሴሊካ ናት፤ 1.8 ሊትር፣ ሞተሯ 1ዜድዜድ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ከዱባይ የመጣች ናት። ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ የቼክ ኢንጅን መብራት እንደፈለገው ይሆናል። ጠዋት ሳስነሳት ይበራል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ማንም ሳይነካው ይጠፋል፤ ከዚያ ረስቼው ሳለ ይመለሳል። ጉልበቷ አልቀነሰም፤ ጠዋት ላይ ብቻ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ጋራዥ የባትሪውን ነጌቲቭ ነቅሎ መለሰና መብራቱን አጠፋልኝ፤ ብዙም አልቆየም። ሌላው ደግሞ «ይህች መኪና ለቆላ የተሠራች ናት፣ የአዲስ አበባ ከፍታ አልተስማማትም፣ ልመደው» አለኝ። ኮዱ ፒ0171 ነው። የኦክስጅን ሴንሰር ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ላስፈትሽ? የቦሎ ጊዜዬ ቀርቧል።

ከቃሊቲ፦ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የእኔም እንዲሁ ነበር፣ ቀይረህ ተገላገል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ፒ0171 ማለት ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ሴንሰሩ ጭሱን አይቶ ይህንኑ ተናገረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። በግምት ዕቃ መቀየር የባለ ሱቁን ኪስ ካልሆነ ማንንም አይጠቅምም።

ስለ መብራቱ ደግሞ አንድ ነገር ላስረዳህ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት አንዴ ስላየ ብቻ መብራት አያበራም፤ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲደገምበት ነው የሚያበራው። ሦስት ተከታታይ ጉዞ ያለ ብልሽት ካለፈ ደግሞ መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል፤ ኮዱ ግን ከማኅደረ ትውስታው ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ መብራቱ የበራበት ቀን ችግሩ የጀመረበት ቀን አይደለም፤ የጠፋበትም ቀን የዳነበት ቀን አይደለም። መብራቱን ትተህ ኮዱ የተመዘገበበትን ቅጽበት ተመልከት። ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ዙር፣ ፍጥነትና የነዳጅ ማስተካከያ (ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ነዳጅ በመቶኛ) መዝግቦ ያስቀምጣል። ባትሪ ሲነቀል የሚጠፋው ይህ መረጃ ነው። ያ ጋራዥ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ነው ያጠፋብህ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሻርጃ፦ የከፍታው ነገር አያሳምንም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ መሆኑ እውነት ነው፤ ጉልበትም ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ ሞተር የሚገባውን አየር በክብደቱ የሚለካ ሴንሰር አለው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁንም ይቀንሳል። ካርቡራተር ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። እኔ የምጠረጥረው ከአየር ፊልተሩ እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ ነው። የእኔ ከሥር በኩል በእጥፋቱ ውስጥ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ፈትተህ በእጅህ ለጥጠው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦውን ፈትቼ ለጠጥሁት፣ ስንጥቅ የለውም። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ኮድ ማንበቢያ ገዝቼ ጠበቅሁ፤ መብራቱ ተመለሰ። የተመዘገበው እንዲህ ይላል፦ የሞተር ሙቀት 31 ዲግሪ፣ ዙር 1100፣ ፍጥነት ዜሮ፣ የአጭር ጊዜ ማስተካከያ +14፣ የረጅም ጊዜ +21። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዙሩን 2500 አድርጌ ሳየው ሁለቱ ተደምረው 6 እንኳ አይሞሉም። ይህ ምን ማለት ነው?

አሠልጣኝ (የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ)፦ ጥሩ አድርገህ አንብበሃል፤ መልሱ ከሞላ ጎደል እዚያው አለ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ 35 ይሆናሉ፤ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ሲሶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ እየረጨ ነው። ይህ በሚኒሞ ላይ ገዝፎ ዙር ሲጨምር የሚቀንስ ከሆነ፣ ያልተለካ አየር ሾልኮ እየገባ ነው ማለት ነው። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ያዛባል፤ ዙር ሲጨምር ያው ቀዳዳ ከቁጥር አይገባም። የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ዳገት ላይና በፍጥነት ቢብስ፣ የነዳጅ ፓምፕን፣ የነዳጅ ፊልተርን ወይም የቆሸሸ የአየር ሴንሰርን እንጠረጥር ነበር።

የአንተ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የሚታወቅ ነገር አለ፤ በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) እና በሞተሩ ራስ መካከል ያለው የጎማ ጋስኬት፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጎማ፣ ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። በኅዳር ብርድ አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይለጠጥና ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ስትወስዳት ደህና የምትመስለው ለዚህ ነው። ሌሊቱን አድራ፣ ጠዋት እንደተነሳች፣ ንጹሕ ውሃ በመርጫ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ዙሪያ በስሱ ርጭ፤ ሽቦና ኮይል ላይ አይሁን። ሚኒሞው ለአፍታ ከተለወጠ ቦታውን አገኘኸው። አንዳንድ መካኒኮች የካርቡራተር ማጠቢያ ይረጫሉ፤ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ በሚሠራ ሞተር ላይ አልመክርም።

ከቃሊቲ፦ እሺ፣ ሴንሰሩን ለጊዜው ተወው። ጋስኬቱን ግን «የሴሊካ» ብለህ ከጠየቅህ ሶማሌ ተራ ላይ ዋጋ ይቆልሉብሃል። «የኮሮላ 1ዜድዜድ» በል፣ አሮጌውንም ይዘህ ሂድና አመሳስል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ስትፈታ የአየር ሴንሰሩንም አብረህ አጽዳ፤ ለእርሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ፣ ሽቦዋን በጣት ወይም በጨርቅ ሳትነካ። ማንበቢያውን ደግሞ ሶኬቱ ላይ ሰክተህ አትደር፤ ባትሪ ይጨርሳል።

ጠያቂው፦ ተገኘ። ውሃው በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል ሲነካ ሚኒሞው ወዲያው ወረደ። ጋስኬቱን ሳወጣው ከጎድጓዱ ጋር እኩል ሆኖ ተደፍጥጧል፤ በጥፍር ብጫነው እንደ ላስቲክ አልሰረጎደም። አዲሱ ከጎድጓዱ በግልጽ ከፍ ይላል። ገጥሜ በማግሥቱ ጠዋት ሳየው የሁለቱ ድምር +7 ነው። ኮዱን አጥፍቼ ነገውኑ ለቦሎ ምርመራ ልውሰዳት?

አሠልጣኝ፦ +7 ምንም አይልም። ነገ ግን አትውሰዳት። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎችም ከዜሮ ይጀምራል፤ ያንተ መርማሪ ያንን ባያየውም ጥገናው መያዙን አንተ ማወቅ አለብህ። ጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ እያስነሳህ ንዳት፤ በማንበቢያው ውስጥ «በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ» የሚለውን ገጽ ክፈት። ያ ባዶ ከሆነ ሂድ። የማኒፎልዱን ብሎኖችም ከመሃል ወደ ዳር እያልህ አንድ ጊዜ ደግመህ አጥብቃቸው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ።