የጋራ ዋጋና የውል ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
የማኅበራችን ተርጓሚዎች፣ አርታዒዎችና ጸሐፊዎች ለደንበኛ የሚያቀርቡት የዋጋና የውል ረቂቅ ይኸው፤ እንደተለመደው በየሰፈራችሁ ስም አስተያየት ጻፉ። ዓላማው በጉባኤው የተባለው ነው፦ ድርጅቶች ሦስት ፕሮፎርማ እየሰበሰቡ እርስ በርስ እንዳያጫርቱን፣ ከማናችንም ጋር ቢዋዋሉ መነሻው አንድ እንዲሆን።
1. ትርጉም በምንጩ ቃል፣ መነሻ 2 ብር ከ50።
2. አርትዖት በገጽ፤ አንድ ገጽ 250 ቃል።
3. የድምፅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ በተቀዳው ደቂቃ።
4. ቀብድ 40 በመቶ፤ ቀሪው ከርክክብ በኋላ በ15 ቀን።
5. ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል።
6. ማንኛውም ውል በማኅበሩ ማኅተም ይረጋገጣል።
ዓርብ ይዘጋል፣ ቅዳሜ ይሰራጫል።

ኮዬ ፈጬ
ቁጥር 1 እንዲህ ከወጣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምንሠራ ሰዎች ከስረናል። አማርኛው «ከቤታችን» ብሎ በአንድ ቃል የጨረሰውን እንግሊዝኛው በሦስት ነው የሚለው። ምንጩ አማርኛ ሲሆን በምንጩ ከተቆጠረ ለዚያው ልፋት የሚከፈለን በእጅጉ ያንሳል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚቆጠረው እንግሊዝኛው ይሁን። ደንበኛው ጠቅላላውን አስቀድሜ ልወቅ ካለ ከመሀል ሁለት ገጽ ተርጉሞ፣ ስንት ቃል እንደወጣው አይቶ ግምት መስጠት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ አይሁን፤ መግቢያ ሁልጊዜ ይቀላል።

ሰበታ
ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉ ይጽዳ የሚል ይግባ። ማይክሮሶፍት ወርድ ቃል የሚቆጥረው ክፍተት እያየ ስለሆነ፣ በቃላት መሀል ሁለት ነጥብ ብቻ ተመትቶ ክፍተት ካልተተወ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ አንድ ቃል ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ሁለቴ የተመታውን ፡፡ ሁሉ በአራት ነጥብ ቁልፉ ። ተኩ። ቀጥሎ ነጠላውን ፡ በክፍተት ተኩ፤ ሰዓት የተጻፈበትን ግን አንድ በአንድ እያያችሁ እለፉ። በመጨረሻ ድርብ ክፍተቱን ወደ ነጠላ መልሱ። የመጀመሪያውን የዘለለ ሰው አራት ነጥቡን በሙሉ ያጠፋና ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ ሲፈልግ ይውላል።

በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሲመጣ ደግሞ፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ወደ ዩኒኮድ መቀየሩና ከታተመው ቅጂ ጋር ማመሳከሩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በነፃ እየሠራነው ስለቆየን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ለብቻው ዋጋ ይውጣለት።

የካ አባዶ
ቁጥር 3 በደቂቃ መሆኑ ልክ ነው፣ አንድ ዋጋ መሆኑ ግን አይሆንም። ጥርት ያለ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ለለመደ እጅ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምግብ ቤት ውስጥ በስልክ የተቀዳ የስምንት ሰው ውይይት እጥፉንም ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ያንኑ ቦታ እየመለሱ መስማት ነው። እስከ ሁለት ተናጋሪ አንድ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ሌላ ዋጋ። ሳንዋዋል ደግሞ ከቅጂው መሀል አምስት ደቂቃ ናሙና ይላክልን።

ቱሉ ዲምቱ
እኔ ቁጥር 6 ላይ ነኝ። ማኅተሙ ያለው ለገጣፎ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ለገጣፎ፣ ሰብሳቢው ከሌለ ደግሞ ተመልሶ መምጣት። ለአንድ ውል አንድ የሥራ ቀን። ይህን ያሰበ አለ?

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
እኔም ልል ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ለገጣፎ። አብዛኛው አባል በደቡብና በምዕራብ በኩል ነው ያለው። ማኅተሙ ጀሞ ይቀመጥ።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
ማኅተም በሰብሳቢ እጅ ይሆናል የሚለው መተዳደሪያ ደንብ በእናንተው ድምፅ የጸደቀ ነው። ደብዳቤ ያለ ቃለ ጉባኤ የወጣበትን ጊዜ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደዚያ አንመለስም።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
ያ ነገር ተዘግቷል። እኔን ለመንካት ከሆነ በግልጽ ይነገረኝ፤ ሒሳቡ በኦዲት ታይቶ ንጹሕ ነው የተባለው።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
ስም አልጠራሁም።

አየር ጤና
መጀመሪያ ነገር ማኅተም ለምን አስፈለገ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ ወይም ተዋዋዮቹ በዚህ ፎርም ይሁን ካላሉ ውል በማናቸውም መልክ ይጸናል። በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ቁጥር 1727 የሚጠይቀው የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክር ነው። ማኅተም የሚል የለበትም። ደግሞም ውሉ በአባሉና በደንበኛው መካከል ነው፣ ማኅበሩ ተዋዋይ አይደለም። ማኅተም ካሳረፈ ነገ አባሉ ሥራውን ሳያስረክብ ቢቀር ደንበኛው የሚመጣው ማኅበሩ ላይ ነው። ቁጥር 6 ይሰረዝ።

ቱሉ ዲምቱ
ሕጉ ሌላ፣ የፋይናንስ ክፍሎች ሌላ። ማኅተም የሌለውን ወረቀት ከነጭራሹ አይቀበሉም።

አየር ጤና
የሚጠይቁት የአቅራቢውን ማኅተም ነው እንጂ የማኅበሩን አይደለም። ንግድ ፈቃድ ያለው የራሱን ያስቀርጽ። የሌለው ፈርሞ የመታወቂያ ቅጂ ያያይዛል።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
ማኅተሙ ከተነሳ የማኅበሩ ውል መሆኑ በምን ይታወቃል? ማንም ቅጹን አውርዶ የማኅበሩ አባል ነኝ ሊል ነው።

ሰሚት
የማኅተሙ ቀለምስ? የአሁኑ ፎቶ ኮፒ ላይ አይታይም። ስካን ሲደረግ ክቡ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ጽሑፉ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ወረቀት ተመልሷል።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
የማኅተም መርገጫው ደርቆ ነው። ቀለም ጨምሩበት ብያለሁ።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
ቀለም የሚገዛው በገንዘብ ያዥ ነው።

ሰበታ
ልጆች፣ ተዉ እንጂ። ሁለታችሁም ለማኅበሩ የለፋችሁትን ሁሉም ያውቃል። ማኅተሙ ያለው አንድ ነው፣ ውሉ ግን በየቀኑ ነው የሚፈረመው። ማን ጋ ይቀመጥ የሚለው ብቻውን አይፈታውም፤ ጀሞ ቢሆን የየካ አባዶዎቹ ይቸገራሉ፣ ለገጣፎ ቢሆን እናንተ። እስከዚያ ግን ቁጥር 4ን ተመልከቱት፤ ገንዘባችን የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። «ከርክክብ በኋላ በ15 ቀን» ተብሏል። ርክክብ መቼ ነው? የደንበኛው ድርጅት ፕሮግራም ክፍል ተቀብያለሁ የሚል ደብዳቤ ካልጻፈ ፋይናንሱ አይከፍልም። ፕሮግራም ክፍሉ ደግሞ ለመስክ ወጥቷል ይባላል። ሥራው በኢሜይል በተላከ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልመጣ እንደተረከቡት ይቆጠራል ይባል። አስተያየቱም በአንድ ሰነድ ተጠቃሎ ይምጣ፤ አምስት ሰው በየፊናው አርሞ ሲልክ ቁጥር 5 ላይ ያለው ሁለት ዙር አምስት ይሆናል።

ኮዬ ፈጬ
ጋሼ ያሉት ቃል በቃል ይግባ። ከእሱ ጋር የቅጂ መብት ጉዳይ አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። የሰው የሕይወት ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ቀሪውን 60 በመቶ ሳንቀበል መጽሐፉ ታትሞ ሊወጣ ይችላል፣ የምንይዘውም ነገር የለም። አንድ መስመር ይበቃል፦ «የኢኮኖሚ መብቱ ለአሠሪው የሚተላለፈው ክፍያው ተጠቃሎ ሲፈጸም ነው።»

አየር ጤና
ትክክል። የግብሩም አንድ መስመር ይጨመር። አዋጅ 979/2008 ሲወጣ ከፋዩ ቀድሞ የሚያስቀረው ቲንና ፈቃድ ላቀረበ 2 በመቶ፣ ላላቀረበ 30 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስላለ ቁጥር አትጻፉ፤ «በጊዜው በሚሠራው ሕግ መሠረት ተቀንሶ ደረሰኙ ለጸሐፊው ይሰጣል» ይባል። ደረሰኙን ያልተቀበለ ሰው ዓመታዊ ግብሩን ሲያሳውቅ የተቀነሰበት እንዲታሰብለት ማድረግ አይችልም። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

ሰሚት
ረቂቁን በሕግ ባለሙያ አሳይቼ እስከ ረቡዕ እመልሳለሁ። ለእኔ ተዉት።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
ወደ ማኅተሙ ልመለስ። ጋሼ የተናገሩትን ይዤ ነው። ማኅተሙ በማንም ቤት አይቀመጥ። አንድ ክፍል እንከራይ፣ ማኅተሙ እዚያ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው በተራ ይዋል። መብራት ሲጠፋ መሥሪያም ይሆነናል። ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም መሬት ላይ አንድ ክፍል አለ። በአባል በወር 600 ብር ቢዋጣ ኪራዩን ይሸፍናል።

የካ አባዶ
ጀሞ አሁንም ጀሞ ነው። መገናኛ አካባቢ ይሁን፤ ከየትም ሲመጣ ሁሉም እዚያ ያልፋል።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
መገናኛ ያለውን ኪራይ ጠይቀሽ ነው?

አየር ጤና
ኪራይ ከተነሳ፣ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን የሚከለክለው ለመኖሪያ ቤት ነው። እኛ የምንከራየው ለቢሮ ከሆነ አከራዩ ስድስት ወር ቢጠይቅ በዚህ አዋጅ መከራከር አንችልም። ካዝናው ያንን ይችላል ወይ?

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
ክፍል ከተባለ ማኅተሙን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። በቃለ ጉባኤ፣ በፊርማ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ። አንዱ ቁልፍ ከእኔ፣ አንዱ ከገንዘብ ያዥ።

ቱሉ ዲምቱ
ሁለት ቁልፍ ከሆነ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አይከፈትም ማለት ነው። ከአሁኑ በምን ተሻለ? እንደገና እኔ መገናኛ ልቆም ነው?

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
አንዱ ብቻውን ይክፈተው ነው የምትለው?

ቱሉ ዲምቱ
አዎ። መዝገብ ይኑር፣ የከፈተ ይፈርም፣ የውሉ ቁጥርና ቀኑ ይጻፍ። የሚጠብቀው መዝገቡ ነው እንጂ ቁልፉ አይደለም።

ሰበታ
መዝገቡ ጥሩ ነው። ሰብሳቢ፣ እሺ በላቸው።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
መዝገቡን እቀበላለሁ። ቁልፉ ላይ ድምፅ ይሰጥ።

የካ አባዶ
ክፍሉ መሥሪያ ከሆነ ባትሪና ኢንቨርተር ሳይኖረው ምን ይሠራል? ሒሳቡ ይኸው። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2400 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 1200 ብቻ ቁጠሩ፤ ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲነሳ ወደ 1000 ይቀራል። አራት ላፕቶፕ በ50 ዋት 200፣ ራውተሩ 10፣ በድምሩ 210። አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል። ለአራት ሰው ይበቃል፣ ለስምንት አይበቃም። ስለዚህ ተራ ይውጣ።

ሰሚት
ቡና ይፈላል አይደል?

የካ አባዶ
በኢንቨርተሩ አይፈላም። ምድጃው 1000 ዋት ነው። ባትሪውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ትንሽ ኢንቨርተር ከሆነ ደግሞ ገና ሲሰካ ይዘጋል። ባትሪው ላይ ከ80 አምፔር በላይ መሳብ ነው፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ይግላል።

ሰሚት
እንግዲያው በከሰል።

አየር ጤና
መስኮቱ አንድ በሆነ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ሰው በሚሠራበት? የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። አይሆንም። ቡና ከውጭ ይምጣ።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
ቡና ከውጭ ከመጣ ማን ይከፍላል? ከ600ው ውስጥ አይደለም።

የካ አባዶ
የጠጣ ይክፈል። ሰሚት፣ ረቡዕ አልፏል። የሕግ ባለሙያው ምን አለ?

ኮዬ ፈጬ
እኔ ሰኞ ፕሮፎርማ አስገባለሁ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ 40 ገጽ። በየትኛው ዋጋ ነው የምጽፈው? በምንጭ ነው በእንግሊዝኛው? ቁጥር 1 ላይ ማንም አልመለሰልኝም።

ሰበታ
በእንግሊዝኛው ቁጠሪ፣ በ2 ብር ከ50። ከመሀል ሁለት ገጽ ተርጉመሽ ግምቱን ለይተሽ ጻፊ፣ «የመጨረሻው ሒሳብ በተረከቡት የቃል ብዛት ይሆናል» በይ። ቀብዱን 40 ላይ ያዢ። ማኅተሙን አትጠብቂ፤ ውሉን ስትፈርሙ ሁለት ምስክር አስፈርሚ። የ10 ቀኑን መስመርና የመብቱን መስመር ራስሽ ጨምሪበት፣ ረቂቁ እስኪወጣ አትቆዪ።

ሰብሳቢ (ለገጣፎ)
በስብሰባ ያልጸደቀ ዋጋ በማኅበሩ ስም አይጻፍ።

ኮዬ ፈጬ
በራሴ ስም ነው የምጽፈው።

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
ቅዳሜ ለስብሰባው የቀረቡት፦ ክፍሉ ጀሞ ወይስ መገናኛ፤ ቁልፉ አንድ ወይስ ሁለት፤ የባትሪውና የኢንቨርተሩ ግዢ። ለባትሪው ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። መርካቶ የሚሄድ ሰው እስከ ነገ ይመዝገብ። የዋጋው ረቂቅ ጊዜ ከተረፈ ይታያል።

የካ አባዶ
ባትሪውን እኔ እጠይቃለሁ። አቅሙ 200 ይሁን፣ የተመረተበት ወር ላዩ ላይ የተጻፈ ይሁን፤ መጋዘን ውስጥ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ አዲስ ቢባልም አቅሙ ወርዷል። ሌሎቹን ሁለት ፕሮፎርማ ማን ያመጣል?

ጀሞ (ገንዘብ ያዥ)
ሰሚት?