የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ከምስጋና ባለፈ እንዴት እንደግፍ?

ጥያቄ፦
የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዘውትሬ እጠቀማለሁ። ሠራተኞቹ መጽሐፍ ከማዋስ አልፈው የሥራ ማመልከቻ የሚሞላውን ሲረዱ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አረጋውያንን ሲያለማምዱ፣ የተቆጣ ተገልጋይንም በትዕግሥት ሲያነጋግሩ አያለሁ። እኛ ተጠቃሚዎች ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?

መልስ 1፦
ለረጅም ጊዜ በማጣቀሻ ክፍል ስለሠራሁ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። ትልቁ ድጋፍ በጀት በሚወሰንበት መድረክ ተገኝቶ መናገር ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ ሲቀነስ ሕንፃው እንደቆመ ይቀጥላል፣ የለቀቀ ሠራተኛ ቦታ ግን ሳይተካ ይቀርና የቀሩት የሁለት ሰው ሥራ ይሸከማሉ፣ በመጨረሻም የአገልግሎት ሰዓቱ ያጥራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውና ከዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር በ2022 ያደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥና ወጪውን መንግሥት እንዲሸፍን ይጠይቃል። በመድረኩ ላይ ይህን መጥቀስ ይጠቅማል።

መልስ 2፦
በቀደመው ሐሳብ እስማማለሁ። መጽሐፍ ለመለገስ የምታስቡ ደግሞ እባካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያረጁና ገጻቸው የጎደለ መጻሕፍት በካርቶን ሲመጡ መለየቱና ማስወገዱ ለእነዚያው ሠራተኞች ተጨማሪ ድካም ነው። በጎ ፈቃደኝነትም የሠለጠነ ባለሙያን የሚያግዝ እንጂ ቦታውን የሚተካ መሆን የለበትም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ላይ እገኛለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ምን እንደጎደላቸው ሠራተኞቹን ራሳቸውን እጠይቃለሁ።